በወንፊት ያለፈው የመስቃን አመድ

ጥፋቱ የእኔ መሆኑን መጀመሪያ ልናገርና ወደ መንገዱ ልግባ። ቡታጅራንና ወልቂጤን አይታችሁ የማታውቁ ብትሆኑ የቻልኩትን ያህል አሳያችኋለሁ፤ ተራራም አለ፣ ወንዝም አለ፣ ደግ ሰውም ሞልቷል። ግን ስድስት ቀን ሙሉ ተጉዤ ይዤ የገባሁት ጸጸት ነው። ከተመለስኩ አራተኛ ወሬ ሊሆን ነው፤ እስካሁን በቅጡ እንቅልፍ የለኝም።

ሥራዬ የድንጋይ ቤት ጠባቂነት ነው። ይሄን ስናገር ሰው ሁሉ ይስቃል፤ ይሳቅ። ኮሌጃችን ውስጥ ከየአገሩ የመጣ ድንጋይ በሣጥን በሣጥን ተደርድሮ የሚቀመጥበት ክፍል አለ፤ እኔ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ ቁጥር እጽፋለሁ፣ ስም እለጥፋለሁ። ድንጋዩ የሚናገረውን የሚያውቁት ግን አለቃዬ መምህር በላቸው ናቸው።

መምህር በላቸው በጉልምስናቸው ከምጽዋ ወዲህ ካለው የባሕር ዳርቻ ያመጡት አንድ ቁራጭ ድንጋይ ነበራቸው። ጥንት የባሕር ወለል ላይ የነበረ ጭቃ ነው፤ ተጭኖ ተጭኖ ድንጋይ ሆነ፣ መሬቱ ከፍ ሲል ደግሞ ከባሕር ወጥቶ ገደል ሆነ። እዚህም እዚያም ዛጎል አለበት። መሀሉን የጣት ውፍረት እንኳ የማይሞላ ግራጫ መስመር ያቋርጠዋል። ያ መስመር የእሳተ ገሞራ አመድ ነው።

እንዴት ሳይጠፋ ቆየ ብዬ አንድ ቀን ጠየቅኋቸው። አመድ በየብስ ላይ ሲወርድ ዝናም ያጥበዋል፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ማረሻ ያምሰዋል፤ ብዙ ሳይቆይ ነበር እንኳ አይባልም። ባሕር ላይ ከወረደ ግን ቀስ እያለ ይሰጥምና ከታች ጭቃው ላይ ያርፋል። እዚያ ማረሻ የለ፣ ጎርፍ የለ። ከላዩ ሌላ ጭቃ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ ይወርድበትና ይከድነዋል። የሚነካካው ቢኖር የባሕር ትል ነው፤ አመዱ ወፈር ካለ ትሉም አይዘልቀውም። እንዲህ እያሉ ሲያስረዱኝ ድንጋዩን እንደ ሕፃን ታቅፈውት ነበር።

መምህሩ ይህ አመድ ከየትኛው እሳተ ገሞራ እንደተነሣ ለማወቅ ዕድሜያቸውን ፈጅተዋል። ልባቸው ከቡታጅራ አካባቢ ነው ይላቸው ነበር። ማስረጃ ግን አልነበራቸውም። በዚህ መሀል የዐይናቸው ብርሃን እየጠበበ መጣ። ሐኪሙ፣ ከክረምቱ አያልፍም ብሎ ቁርጡን ነገራቸው። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚሹት፤ የቡታጅራውን አመድና የባሕሩን አመድ ጎን ለጎን በማይክሮስኮፕ በገዛ ዐይናቸው አይተው አንድ መሆን አለመሆናቸውን መለየት። ሌላ ሰው አይቶ ቢነግራቸው አይበቃቸውም።

መንገዱ የተገኘው መርካቶ ነው። መምህሩ ዕቃ የሚገዙበት ሱቅ ባለቤት የመስቃን፣ የቡታጅራ ዙሪያ ሰው ነው፤ ብርጭቆ በነጭ ዱቄት ሲያሽ አዩትና ምንድን ነው ብለው ጠየቁት። ከአገር ቤት የመጣ ነው፣ ወንድሜ ሙዘይን ቆጮ ተቀብሮ የሚቆይበት ጉድጓድ ሲቆፍር ያገኘው ነው አላቸው። ዱቄቱ ከማድቤት አመድ ጋር ስለተደባለቀ ለመምህሩ አይሆንም። አዲሱ ጉድጓድ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ቆጮ ሊገባበትና ሊከደን ነው። እሳቸው በዚያ ዐይን መንገድ አይሞክሩም። እኔ ተላክሁ።

«እንዳለ አምጣልኝ» አሉኝ ሲሸኙኝ። «ከላይኛውና ከታችኛው አፈር እንዳይቀላቀልብህ። ሌላ ነገር እንዳይገባበት።» ከቡታጅራው ተራራ ማዶ በወልቂጤ በኩልም የወንዝ ዳር ነጭ አመድ እንዳለ ሰምተዋልና የዚያንም ለማነጻጸሪያ ለብቻው እንዳመጣ አዘዙኝ።

ሰኞ። አውቶቡሱ ጎህ ሲቀድ ይነሣል ተብሎ ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ተነሣ። ዓለም ገናን ካለፍን ወዲያ መንገዱ ጠጠር ነው፤ አቧራው ከኋላ በር እየገባ ሁላችንንም ወፍጮ ቤት የዋልን አስመሰለን። ጥያ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ሰይፍ የተቀረጸባቸው የጥንት ድንጋዮች ከመንገዱ ብዙ አይርቁም ብለውኝ ሄጄ አየኋቸው። የድንጋይ ሰው ስለሆንኩ ብዙ እጽፋለሁ ብላችሁ ከጠበቃችሁ ታዝናላችሁ፤ ረዳቱ ጥሎኝ እንዳይሄድ ዐይኔ አውቶቡሱ ላይ ስለነበር ደኅና አድርጌም አላየኋቸው። የማስታውሰው፣ ደጃፏ ላይ አረፍ እንድል ዱካ አውጥታ የሰጠችኝን ሴት ነው። ምን ፈልጌ እንደመጣሁ እንኳ አልጠየቀችኝም። በእኛ በደብረ ብርሃን በኩል እንግዳ ከመቀመጡ በፊት ዘሩ እስከ ሰባት ቤት ይጠየቃል።

ቡታጅራ ስገባ መሽቶ ነበር። ባሕር ዛፍ፣ ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ ሰፊ መንገድ፣ የጃንሆይ ሥዕል የተሰቀለበት አንድ ሆቴል። ባለቤቷ የሰሜን ሰው ናት፤ አማርኛዬን ስትሰማ ዘመድ የመጣላት ያህል ተደስታ ጤፍ እንጀራ አቀረበችልኝ። ገጠር ስትገባ ግን እንሰት ብቻ ነው የምትበላው ብላ አዘነችልኝ። አልጋው ላይ ግን የሚያዝንልኝ አልነበረም፤ ትኋኑ እስኪነጋ ተጫወተብኝ።

ማክሰኞ። ፊቴን ሳልታጠብ አቶ ሙዘይን በር ላይ ቆሞ አገኘሁት። አባቴ የሚሆን፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆብ ያደረገ ሰው ነው። ሰላምታውን በዐረብኛ ጀምሮ በአማርኛ ጨረሰው። አማርኛው አንቱታ የሚባል ነገር አያውቅም፤ እኔንም የወረዳውን ገዥንም እኩል አንተ ይላል። ወደድኩት። ወንድሙ ከመርካቶ ልኮበት ኖሮ ነው ከመንደሩ ድረስ በእግሩ ሊቀበለኝ የመጣው።

መንደሩ መግቢያ ላይ ጀፎሮ የሚሉት አለ፤ ለሠርግም ለለቅሶም ለከብትም የሚሆን፣ ሁለት መኪና ጎን ለጎን የሚያሳልፍ ሰፊ የሣር መንገድ። ቤቶቹ ግራና ቀኝ ተሰልፈዋል። ማንም አንድ ክንድ ቆርሶ አያርስበትም አለኝ። እኛ አገር ይህን የመሰለ ሣር ባለቤት ሳይኖረው ቢያድር በማግስቱ ሦስት ሰው ፍርድ ቤት ይካሰስበት ነበር፤ እውነቴን ነው፣ አፈርኩ።

ጉድጓዱ ከቤቱ ጓሮ እንሰቱ መሀል ነው። ደረቴ ድረስ ይውጠኛል። ከላይ ጥቁር አፈር፣ ከሥሩ ቡናማ፣ ከዚያ ዙሪያውን ስንዝር ያህል ውፍረት ያለው ነጭ መቀነት፣ ከሥሩ እንደገና ቡናማ። መምህሩ እንዳሉኝ ያ ሜዳ ጥንት ሐይቅ ነበር፤ ሐይቅም የባሕርን ሥራ በትንሹ ይሠራል፣ የወረደበትን አመድ ከድኖ ያስቀምጣል። ወርጄ በቢላ እየፋቅሁ ሸራ ከረጢቴን ሞላሁ። ከላይኛው አፈር አንዲት ፍሬ አልገባችበትም፣ ከታችኛውም አልገባችበትም። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ሥራ በዕድሜዬ የለኝም።

ሙዘይን ከላይ ቁጢጥ ብሎ ምን ሊደረግ ነው ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት፤ የባሕሩን ድንጋይ፣ የመምህሩን ዐይን፣ ክረምቱን። ረጅም ጊዜ ሳቀ።

«የእኔ ጓሮ አፈር ባሕር ደርሷል?» አለኝ። «እኔ እንኳ ከመርካቶ አላለፍኩም።»

ማታ የሆነውን ሳልናገር አላልፍም። ሙዘይን እስላም ነው፣ እኔ ክርስቲያን፤ የእሱን ሥጋ እንደማልበላ ያውቃል። ክርስቲያን ጎረቤቱን ጠርቶ ዶሮ በእሱ እጅ አሳርዶ፣ እዚያው ጎረቤት ቤት አሠርቶ፣ በጎረቤቱ ሰሐን አስመጣልኝ። በዓለ ሃምሳ ስለነበር ጾም የለም ብሎ እስከማወቅ ደርሷል። እሱና ሚስቱ ወይዘሮ ዘሀራ ቆጮና አይብ ለብቻቸው እየበሉ፣ እኔ ዶሮውን ስበላ ያዩኝ ነበር። ቆጮውንም ቀመስኩ፤ የሆቴሏ ሴትዮ ያለችውን ያህል አይደለም፣ እንዲያውም ጨመርኩ። ከረጢቴን ከምሰሶው ሥር አስቀምጬ ተኛሁ።

ረቡዕ። ስነሣ ጓሮው በሴቶች ተሞልቷል። ቆጮውን ወደ ጉድጓዱ ለማስገባት ጎረቤቱ በሙሉ ለደቦ መጥቷል፤ የእንሰት ቅጠል ማንጠፍ ጀምረዋል። ወይዘሮ ዘሀራ ከረጢቴን ይዛ ወደ እኔ መጣች። ከረጢቱ ግማሽ ሆኗል። አፉ በእንሰት ቃጫ አምሮ ታስሯል። ፊቷ በደስታ ያበራል።

እንደተረዳሁት፣ አመዱን ያየችው ዕቃ ለማሻሸት በምትጠቀምበት ዐይን ነው። ጠጠር ያለው አመድ ብርጭቆ ይጭራል። ከአዲስ አበባ ድረስ ለእሱ የመጣ እንግዳ ጠጠር ተሸክሞ ቢሄድ ለቤቷ ነውር ነው። ስለዚህ ማልዳ ተነሥታ በዱቄት ወንፊት አንድ በአንድ ነፍታዋለች። ሸካራው እንሰቱ ሥር ተደፍቷል፤ ፍግ ላይ። ባሏ ከከብቶቹ ጋር ስለነበር አላየም።

ከረጢቱን ፈታሁት። እንደ ዱቄት ልሟል። እንዳለ አምጣልኝ ነው የተባልኩት፤ ይሄ እንዳለ አይደለም። ግማሹ የለም! አልቅስ አልቅስ አለኝ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኳት።

ሙዘይን ግን ፊቴን አየ። ሞኝ ሰው አይደለም። ወደ ጎን ሳብ አደረገኝና፣ «ምነው ጠቆርክ?» አለኝ። «ጎድሎብህ እንደሆነ ንገረኝ። ጉድጓዱ ገና አልተከደነም። ቅጠሉን አንሥተን እንደገና ትፍቃለህ።»

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አፌን ከፍቼ አዎ ብል ኖሮ ይህን ጽሑፍ አልጽፍም ነበር። ግን ያቺ ሴት ቆማ ታየኛለች። ትናንት ያበላኝ ዶሮ ሆዴ ውስጥ ነው። ሃያ ሴት ሥራ ላይ ነው፤ ቅጠሉ ሊነሣ፣ ደቦው ሊፈታ፣ ዘሀራ በጎረቤቶቿ ፊት አበላሸሽ ልትባል ነው። ይሉኝታ ያዘኝ። ምንም አልጎደለም፣ እንዲያውም አመረልኝ አልኩት። ሴቶቹ ቆጮውን ሲረግጡና ድንጋይ ሲጭኑበት ቆሜ አየሁ። ነጩ መቀነት ከቅጠሉ በስተኋላ ጠፋ።

ያን ቀን ወደ ወልቂጤ ለመሻገር ተራራው ላይ ወዳለው አረቅጥ ወጣን። ሙዘይን ብቻህን አልለቅህም ብሎ በቅሎውን ለእኔ ሰጥቶ እሱ በእግሩ ሄደ። ዳገቱ አያልቅም። እሱ የሚስቱን ነገር፣ የወንድሙን ነገር፣ የመምህሩን ዐይን እያነሣ ያጫውተኛል፤ አላህ ያሽረው ይላል በየመሀሉ። ቀኑን ሙሉ ልነግረው እያልኩ ዋልኩ። አንድ ጊዜ በቅሎዋ ጭቃ ላይ ተንሸራታ ጣለችኝ፤ አንሥቶ ልብሴን ሲያራግፍልኝ አሁን ልንገረው ብዬ፣ የተናደድኩ እንዳይመስለው ተውኩት። አረቅጥ ስንደርስ ብርዱ ደብረ ብርሃንን አስታወሰኝ፤ ገብስ አለ፣ ጉም አለ፣ እሳት ዳር የሚቀመጥ ሰው አለ። አማቹ ቤት አሳደረኝ።

ሐሙስ። ሙዘይን ከዚህ ወዲያ መንገዱን አትስተውም ብሎ አቅፎ ተሰናበተኝና ተመለሰ። ከዐይኔ እስኪጠፋ ጠበቅሁ። ከዚያ ተራራው ጫፍ ላይ ከረጢቱን ፈትቼ ደፋሁት። የተበላሸ ነገር ለመምህሩ ወስጄ ከማሳፍራቸው ይሻላል ብዬ ነው። ነፋሱ ተቀበለውና ወደ ቁልቁለቱ ወሰደው፤ መሬት የነካው ጥቂቱ ነው። እፎይ አልኩ ብላችሁ ታምኑኛላችሁ? እፎይ አልኩ!

ቁልቁለቱ የጫማዬን ሶል በላው። ከተራራው ግርጌ ካለው አታት አጠገብ ስደርስ በሸምበቆ ገመድ አስሬው እያነከስኩ ነበር። አንድ የእንሰት ገበሬ ጫማዬን አይቶ ምንም ሳይለኝ የራሱን አወለቀና ሰጠኝ፤ እምቢ ብልም አልተቀበለኝም። እንዲህ ያለ አገር ነው። በየሄድኩበት ደግነት ባያገኘኝ ኖሮ ምናልባት እውነት ለመናገር ድፍረት አገኝ ነበር፤ ግን ይህም ሰበብ ነው።

ዓርብ። በጭነት መኪና ወልቂጤ ገባሁ። ወልቂጤ የጅማ መንገድ ከተማ ናት፤ ሹፌሩ፣ ጸሐፊው፣ አስተማሪው፣ ሁሉም ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ቡታጅራ ቤት ከሆነች ወልቂጤ በረንዳ ናት። ከምሳ በኋላ ወንዙ ዳር ወርጄ የተባለውን ነጭ አመድ አገኘሁት። ሸካራ ነው፣ ጠጠሩ በዐይን ይታያል። አንድ ከረጢት ሞላሁ። ከዚያ ባዶውን ከረጢት አየሁት። እሱንም ከዚያው ሞላሁት። በአንዱ ላይ ወልቂጤ፣ በሌላው ላይ ቡታጅራ ብዬ ጻፍኩ። ስም መለጠፍ ሥራዬ ነው። አመድ ምን ጊዜም አመድ ነው፣ ተራራው አንድ፣ አገሩ አንድ፣ ልዩነቱ ምን ያህል ቢሆን ነው ብዬ ራሴን ደለልኩ።

ቅዳሜ። የጅማ አውቶቡስ ወዲያው ተገኘ፣ ጎማም አልፈነዳ፣ ከሰዓት ቤቴ ገባሁ። ስለዚያ መንገድ የምጽፈው የለኝም፤ ተኝቼ ነበር።

በሰኞው መምህር በላቸው ከእኔ ቀድመው ደርሰው ጠበቁኝ። ከረጢቶቹን ተቀብለው በሩን ዘጉ። ቀኑን ሙሉ አልወጡም፤ ዐይናቸው ሲደክም ያርፋሉ፣ እንደገና ይጎነበሳሉ። በሁለተኛው ቀን ጠሩኝ። የሁለቱ ቦታ አመድ አንድ ነው፣ የባሕሩ ግን ፈጽሞ ሌላ ነው አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ የለም። ደብተራቸውን ከፍተው፣ ቡታጅራ አይደለም፣ በዚህ ሁሉ ዘመን ተሳስቼ ኖሬያለሁ ብለው ጻፉ። የባሕሩን ድንጋይ ሰጡኝና ቁጥር ጽፌ ሣጥን ውስጥ እንድከተው አዘዙኝ። ከተትኩት። ሆድ ይፍጀው ብዬ ዝም አልኩ።

ሐኪሙ አልተሳሳተም። ሐምሌ ሳያልቅ የዐይናቸው ብርሃን ሄደ።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል። ነሐሴ ላይ አረሙ አነቀኝና ቤታቸው ሄድኩ። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጠው ዝናሙን ይሰሙ ነበር። ከዘሀራ ወንፊት እስከ ወልቂጤው ወንዝ አንድም ሳላስቀር ተናዘዝኩ። ይሰድቡኛል ብዬ ነበር፤ ቢሰድቡኝ በወደድኩ።

ወንፊቱ ምን ያህል ደቃቅ ነበር ብለው ጠየቁኝ። የዱቄት ወንፊት ነው አልኳቸው።

«አይ ደጀኔ» አሉ። «ከቡታጅራ ምጽዋ ድረስ ጠጠር ይበራል እንዴ? ጠጠሩ እዚያው ይቀራል። በነፋስ ሄዶ ባሕር የሚደርሰው ደቃቁ ብቻ ነው። እኔም ስታመጣልኝ መጀመሪያ የማደርገው በወንፊት መንፋት ነበር። ሴትየዋ እኮ ሥራዬን ሠርታልኝ ነበር።»

ነገ እሄዳለሁ፣ ሙዘይን ሌላ ጉድጓድ ይቆፍርልኛል፣ አመጣዋለሁ አልኩ እየተንተባተብኩ። ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ።

«ሂድና አምጣው» አሉኝ። «ዐይን ላለው ሰው ይጠቅማል።»

ክረምቱ የቡታጅራን መንገድ ቆርጦታል፤ አውቶቡስ የለም። ባለፈው እሑድም እንደ ልማዴ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ከተቀመጥኩ በኋላ መንገዱ ተከፈተ ወይ አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ይሄኛው እውነት ነው።